መስኮት ላይ የቀረው ካፖርት

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ልብስ ሰፊ አልነበረም። ልብስ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ተጣጥፎ የተቀመጠ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ብል እንደሚያገኘው ያውቅ ነበር። ጭምቷ ልብስ ሰፊ ሆና ሳለች እንኳ ይህን ለማወቅ ሦስት ዓመትና አንድ እሑድ ፈጀባት።

ጭምቷ የወጣላት ስም ነው። ያወጡላት አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ቃል ከአፏ የሚወጣው በሜትር ተለክቶ ነው እያሉ። በአክስቷ የልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች፣ ከሱቁ በላይ ባለው ፎቅም ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። እጇ የተመሰገነ፣ ፊቷ የረጋ፣ ዕድሜዋ ከሠላሳ ጥቂት ያለፈ ሴት ናት። «መቼ ነው የምታገቢው?» የሚሏትን ደንበኞች በስፒል አትወጋቸውም፤ ስፒሉን ግን ጠጋ አድርጋ ትይዘዋለች።

ያ እሑድ ሱቁ ዝግ መሆን ነበረበት። አክስቷ ግን ቴሌቪዥኑን ከፎቅ አስወርዳ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ምክንያት ነበራት። የዓመቱ የፊልም ሽልማት ከሰዓት በኋላ በቀጥታ ይተላለፋል፤ ከዕጩ ተዋናዮቹ አንዷ የምትለብሰው ቀሚስ ደግሞ ደረቱ የተጠለፈው እዚሁ ቤት ነው። የቤቱ ጥልፍ ሠሪ አሥራ አንድ ቀን አጎንብሳበታለች። ለዚህ ክብር የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይም የራሱን ወንበር ተሸክሞ መጣ።

ሲገባ እንደ ልማዱ በመንገዱ መስኮት ላይ ለተሰቀለው ጥቁር ካፖርት ቆብ አነሳለት።

«ሰውየው፣ እንደምን ዋሉ? ዛሬም አልመጡልዎትም?»

ይህ ቀልድ የቤቱ ቀልድ ነበር። ካፖርቱ በመካከለኛው መንጠቆ ላይ ሦስት ዓመት ተሰቅሏል፤ ትከሻው ሰፋ፣ አንገቱ ጎንበስ ያለ፣ አመሻሽ ላይ ሲያዩት ሰው መንገዱን ቆሞ የሚያይ ይመስላል። ጀርባውን ለቤቱ፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቷል። ጥልፍ ሠሪዋ «ባልሽ ዛሬ አኩርፏል» እያለች በጭምቷ ትቀልድባት ነበር። ጭምቷም ትስቃለች፤ ከሳቀች በኋላ ግን መርፌዋ ውስጥ ክር ማስገባት ለጥቂት ጊዜ ያቅታታል።

ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ ሲሰበሰቡ እሷ የስፌት መኪናዋ ዘንድ ተቀመጠች። ቀይ ምንጣፉ ላይ ኮከቦቹ ማለፍ ጀመሩ።

«ይቺን ማን ነው የሰፋላት? ጠላቷ መሆን አለበት» አለች አክስቷ። «ዚፑን እዩት፣ እንዴት እንደተጣመመ!»

«ሰው እኮ የሚያየው ፊቷን ነው እትዬ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አንተ ፊቷን እይ። እኔ የማየው ስፌቱን ነው።»

«እኔንማ ያ ሰውዬ ነው ያሳዘነኝ። ከኋላ በኩል ፀጉሩን በጨለማ ነው የቆረጡት።»

በመጨረሻ የጥልፍ ሠሪዋ ቀሚስ መጣ። መጣ ከተባለ። ተዋናይቷ ብርድ ፈርታ ነው መሰል ትከሻዋ ላይ ሻርፕ ደርባ፣ በካሜራው ፊት ሦስት ሰከንድ ቆማ አለፈች።

«ሻርፕ?» ጥልፍ ሠሪዋ ከወንበሯ ተነሳች። «አሥራ አንድ ቀን ዐይኔ ፈስሶ ሻርፕ?»

«እኔ አይቻለሁ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ሊያጽናናት። «ከሻርፑ በታች ትንሽ ብልጭ ብሏል።»

ሁሉም ሳቁ። ጭምቷ አልሳቀችም። እሷ የምትጠብቀው ቀሚስ አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በፊት የእጅጌ ልክ ልትቆርጥበት በዘረጋችው ጋዜጣ ላይ የዕጩዎችን ዝርዝር አይታ፣ ከሁሉም በታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈ አንድ ስም አግኝታለች። መቀሷ ስሙ አጠገብ ሲደርስ ዞሮ አለፈ። ያንን ቁራጭ አሁንም ኪሷ ውስጥ ይዛዋለች።

የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ፊቱን አንድ ጊዜ አይታ፣ ረስቷት እንደሆነ ማወቅ። ከረሳት ያንን ካፖርት ከመስኮቱ ታወርደዋለች፤ ልቧንም አብራ ታወርደዋለች። ይህን ለራሷ ምላ ነበር የተቀመጠችው።

* * *

የካፖርቱ ባለቤት ድምፅ ቀጂ ነበር። ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት አንድ ጠዋት ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ማይክራፎን ይዞ፣ ጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጥሎ ገባ።

«ለፊልም የስፌት መኪና ድምፅ እፈልጋለሁ» አለ። «አራት ቤት ሞከርኩ። የሁሉም መኪና ጤነኛ ነው።»

«የእኔማ ያነክሳል» አለች ጭምቷ፣ አፍራ። መኪናዋ ከአክስቷ የተረከበችው አሮጌ ባለ ፔዳል ነው፤ በየአራተኛው ስፌት ትንፋሹ እንዳጠረው ሰው ቆም ብሎ ነው የሚቀጥለው። ተክ፣ ተክ፣ ተክ… ተክ።

ድምፅ ቀጂው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዐይኑን ጨፈነ። «እሱ ነው» አለ።

መቅዳቱን ሲጨርስ መሄድ ነበረበት፤ አልሄደም። «አሁን ደግሞ ዝምታችሁን ስጡኝ» አላቸው።

«ዝምታ ምን ያደርግልሃል ልጄ?» አለች አክስቷ።

«እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዝምታ አለው እትዬ። ፊልም ውስጥ ሰው ሲናገር፣ ከቃልና ከቃል መካከል የሚገባው የዚያ ክፍል ዝምታ ነው። ከሌላ ቤት ያመጡት እንደሆነ ያስታውቃል። አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ማንም እንዳይንቀሳቀስ።»

መቀሶች ቆሙ፣ ካውያው ተቀመጠ። ጭምቷ ዐይኗን የምታሳርፍበት ስታጣ ቀና አለች፤ እሱም ማይክራፎኑን እንደያዘ እያያት ነበር። መንቀሳቀስ ስለማይቻል ዐይናቸውን መንቀል አልቻሉም። ሃምሳ ሰከንድ ያህል እንደሄዱ አክስቷ አነጠሰች።

«እንደገና» አለ ድምፅ ቀጂው፣ ዐይኑን ከጭምቷ ሳይነቅል። በሁለተኛው ደቂቃ ማብቂያ ላይ ነገሩ አልቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰበብ አላጣም። ጃኬት ጠበበኝ፣ ሱሪ ረዘመኝ እያለ ስድስት ወር ተመላለሰ። ከሥራ ስትወጣ አብረው በእግር ይሄዳሉ፤ እሱ ያወራል፣ እሷ ትሰማለች፣ አንዳንዴም እሱ ዝም ብሎ ዝምታዋን ያዳምጣል። ዝምታዋን ጉድለት ሳይሆን ንግግር አድርጎ የቆጠረላት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

እንቅፋቱ የመጣው በቀሚስ ነው። እናቱ የፋብሪካ ባለቤት ሚስት፣ የዚህ ስፌት ቤት የመጀመሪያዋ ደንበኛ ነበሩ። አንድ ቀን ሰማያዊ ቀሚስ ሊለኩ መጥተው፣ ጭምቷ እግራቸው ሥር ተንበርክካ ጠርዙን በስፒል ስትይዝ፣ ከላይ ወደ ታች አነጋገሯት።

«ልጄ ካንቺ ጋር እንደሚውል ሰማሁ። እጅሽ ወርቅ ነው፣ አልክድም። ልብሳችንን እንሰጥሻለን። ልጃችንን ግን አንሰጥሽም።»

ጭምቷ አፏ በስፒል ተሞልቶ ነበር። ስድስት ስፒል ከንፈሯ መካከል ይዛ ምን ትመልስ? አንገቷን ደፍታ ጠርዙን ጨረሰች። ያን ጊዜ ያልወጣው መልስ ጉሮሮዋ ላይ እንደተሰካ ቀረ።

ለድምፅ ቀጂው ይህን አልነገረችውም። «አትምጣ» አለችው ብቻ። ምክንያቱን ሲጠይቃት ዝም አለች፤ ይህ ዝምታ ግን እሱ የሚያውቀው ዓይነት አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቁር ካፖርቱን ይዞ መጣ። አክስቷ ነበረች፣ ሌላ ደንበኛም ነበረ። «ቁልፍ ወልቆብኛል፣ ሌሎቹም ላልተዋል። ይመልከቱልኝ» አላት። ይመልከቱልኝ! ስድስት ወር ሙሉ «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው፣ በሰው ፊት እንደ ባዕድ አንቱ አላት። ጭምቷ ካርኒውን ለሁለት ቀደደች፦ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ግማሹ ለእሱ፣ ግማሹ ካፖርቱ ላይ። እሱም ለፊልም ሥራ ሩቅ አገር ሄደ ሲባል ሰማች። እናቱም ልብሳቸውን ሌላ ቦታ ማሰፋት ጀመሩ።

እዚህ ላይ የአክስቷን ሕግ መናገር ግድ ነው፤ ጥፋቱ ያለው እሱ ውስጥ ነውና። የደንበኛ ኪስ ይፈተሻል፤ የተገኘ ወረቀት ግን አይነበብም። ቁጥር በተጻፈበት ፖስታ ተደርጎ በቆርቆሮ ሣጥን ይቀመጣል። አክስቷ በወጣትነቷ ከአንድ ደንበኛ ኪስ ያገኘችውን ደብዳቤ አንብባ ለሚስቱ ብትናገር ቤታቸው ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ «የሰው ኪስ የሰው ሆድ ነው» ትላለች፤ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ሁለተኛም አለ፦ ያለቀ ልብስ ወደ ውስጥ ቁም ሣጥን ይገባል፣ ባለቤቱ በዓመቱ ካልመጣ ለችግረኛ ይሰጣል። ያላለቀ ግን እስኪያልቅ መስኮቱ ላይ ይቆያል።

ጭምቷ ከካፖርቱ የደረት ኪስ በአራት የታጠፈ ወረቀት አገኘች። ከላዩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ወይ የፊልም ጉዳይ ነው፣ ወይ እናቱ ለመረጡለት ልጅ የተጻፈ ነው፣ አለች በልቧ፤ አንቱ ያላት ሰው ለእሷ አይጽፍም። ሕጉን አከበረች። ፖስታው ላይ 214 ብላ ጽፋ ሣጥኑን ዘጋችው።

ቁልፎቹን አጠባበቀች፤ የወለቀውን ግን አልተከለችውም። ከተተከለ ልብሱ አለቀ ማለት ነው፣ ካለቀ ይገባል፣ በዓመቱ ደግሞ ለሰው ይሰጣል። አክስቷ ስትጠይቃት «ቁልፉ ጠፍቶ ነው» አለቻት፤ ቁልፉ መሳቢያዋ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ካፖርቱንም በመካከለኛው መንጠቆ ላይ፣ ከመንገድ ፊት ለፊት ሰቀለችው። አንድ ቀን ቢያልፍ አይቶት ይግባ ብላ ነው። በየቀኑ ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታየው ካፖርቱን ሳይሆን ከካፖርቱ ማዶ ያለውን መንገድ ነበር።

* * *

«ቀጥሎ» አለ የመድረኩ መሪ፣ «የዓመቱ ምርጥ ድምፅ።»

«ድምፅም ይሸለማል እንዴ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አንተ ዝም ብትል ላንተም ይሰጡሃል» አለችው አክስቷ።

የዕጩዎቹ ፊልሞች ቁራጭ ቁራጭ ታዩ፤ የመኪና ግጭት፣ ዝናብ፣ የገበያ ጫጫታ። ከዚያ አንዲት ሴት ብቻዋን በር አጠገብ ቆማ ታየች። ሰው ትጠብቃለች። ምንም አትናገርም። ከሩቅ፣ ከግድግዳው ማዶ የሚመስል ድምፅ መጣ።

ተክ፣ ተክ፣ ተክ… ተክ።

«ኧረ ተይው አሁን፣ ሰው እያየ ነው» አለች አክስቷ ዘወር ሳትል።

«እኔ አይደለሁም» አለች ጭምቷ።

ሁሉም ዞሩ። እግሯ ከፔዳሉ ላይ የለም፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው። መኪናው እንደ ድንጋይ ቆሟል። ድምፁ ግን ቀጥሏል፤ እያነከሰ፣ ትንፋሹ እያጠረ፣ በራሱ ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥን ይሰማል።

ከዚያ መኪናው ፊልሙ ውስጥ ዝም አለ። ዝምታው ቀረ። ጭምቷ እሱንም አወቀችው። የግድግዳው ሰዓት አለበት፣ የቧንቧው ጠብታ አለበት፣ ከሁሉም ቀርቦ ደግሞ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ስትተነፍስ ይሰማል። የራሷ ትንፋሽ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ይዟት ሲዞር ኖሯል፤ አልረሳትም! ደስታው ደረቷን ሊያፈነዳው ደረሰ።

«አሸናፊው…» ስሙ ተጠራ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጭምቷ ብድግ አለች። ካሜራው ወንበሮቹን ፈለገ፣ ፈለገ፣ ከዚያ አንዲት አሮጊት በሰው ተደግፈው ሲነሡ አሳየ።

«እናቱን ላከ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አይ ዘመናይ! ሽልማት ቀርቦለት መምጣት ከብዶት እናቱን ይልካል?»

«ጥቁር ለብሰዋል» አለች ጥልፍ ሠሪዋ በቀስታ።

አክስቷ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። «እመቤቲቱ ናቸው። ይሄ ቀሚስ… ይሄ እኮ እኛ የሰፋነው ሰማያዊ ቀሚስ ነው። ጥቁር ቀለም ተነክሮ ነው።»

ጭምቷ ጠርዙን አየችው። የራሷ ስፌት ነበር። ተንበርክካ በስፒል የያዘችው ጠርዝ መድረኩን እየጠረገ ወጣ፤ ማንም ሳይነግራት ነገሩን ከጠርዙ አነበበችው።

«ልጄ ይህን አላየውም» አሉ እናቱ። «ዐርፏል። አራት ወሩ ነው።»

አክስቷ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

«እኔ ስለ ድምፅ የማውቀው ነገር የለም። ልጅሽ ምን ይሠራል ሲሉኝ እንኳ አፍሬ ወሬ እለውጥ ነበር። ከታመመ በኋላ ሐኪም ቤት ራሴ እየነዳሁ አመላልሰው ነበር። ስንመለስ በአንድ መንገድ እንድናልፍ ይለምነኛል። መኪናውን አስቁሞ በመስኮት ወደ አንድ ቦታ ያያል። ‹ገና አለ› ይላል። ‹ገና አለ እማዬ፣ በቃ እንሂድ።› ምን እንዳለ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። የማውቀው መሰለኝና ፈራሁ።» ሽልማቱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት። «በመጨረሻው ሳምንት መነሣት ሲያቅተው ‹እንግዲህ ማን ያይልኛል?› አለኝ። ለዚህም አልመለስኩለትም።»

ፀጉር አስተካካዩ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። ቀስ ብሎ ዞሮ ወደ መስኮቱ አየ።

«ግራጫ መኪና» አለ። ድምፁ ተቀየረ። «ከእኔ በር ፊት ለፊት ይቆም ነበር። መጀመሪያ ብቻውን ነበር፣ በኋላ በኋላ ሴትዮ ይነዱለት ነበር። ሊላጭ የመጣ መስሎኝ ሁለት ጊዜ በእጄ ጠርቼዋለሁ። ፈገግ ብሎልኝ… ወዲህ ነበር የሚያየው።»

ካፖርቱ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሟል። «ሰውየው» ሲባል ስቆ የነበረ አንድም ሰው ዳግመኛ ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም።

* * *

የቆርቆሮ ሣጥኑን ያመጣችው አክስቷ ናት። መሬት ላይ የተቀመጠችው ጭምቷ አልጠየቀቻትም። አክስቷ እኩያሞች የሆኑ ይመስል አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሕጉ የእኔ ነው» አለች። «የማፈርሰውም እኔ ልሁን። እንኪ።»

የድምፅ ቀጂው ጽሕፈት ዘመም ያለ ነበር።

«ጭምቷ፣ እናቴ ያለችሽን ሰማሁ። የነገረችኝ ራሷ ናት፤ አንቺማ መች ትነግሪኛለሽ። ‹አፏ ስፒል ነበረበት፣ አልመለሰችልኝም› አለችኝ። በእሷ ስም ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ የእሷን ራሷ ታምጣ። እኔ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ላገባሽ እፈልጋለሁ።

«ካፖርቱ ምንም አልሆነም፤ ቁልፉን የበጠስኩት እኔ ነኝ። እሺ ካልሽ ጨርሰሽ ወደ ውስጥ አስገቢው፣ ያን ቀን በሩን አንኳኳለሁ። መስኮቱ ላይ ካየሁት ግን ገና እያሰብሽ ነው። የእኔ ቤተሰብ አንድ ጊዜ ገፍቶሻል፤ ሁለተኛው ገፊ እኔ አልሆንም። የፈለገውን ያህል ጊዜ ይሰቀል። ዝምታሽን አውቀዋለሁ፤ ተቀድቶ እጄ ላይ አለ። እጠብቃለሁ።»

ጭምቷ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ፊደሉ አልታይ አላት። እንዲገባ ብላ የሰቀለችው እሷ ናት፤ እንዳይገባ ያቆመውም ያው የተሰቀለው ነው። አንዲት ቁልፍ ብትተክል፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ፣ በሩ ይንኳኳ ነበር። እሱ ከመንገዱ ማዶ፣ እሷ ከመስኮቱ ወዲህ፣ አንዱ የሌላውን ዝምታ አክብሮ፣ ሳይተያዩ ዓመታት ተጠባበቁ። ሁለቱንም ያየ ካፖርቱ ብቻ ነበር።

ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ለጭምቷም አልገደደም። አክስቷ አቅፋት «ዝም በይ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉን ግን መልሳ ዋጠችው። «አልቅሽ» አለቻት። «ጮክ ብለሽ አልቅሽ ልጄ።»

* * *

ሐሙስ ጠዋት የሱቁ በር ተንኳኳ። ልብስ ስፌት ቤት በር የሚያንኳኳ ደንበኛ የለም፤ ገፍቶ ነው የሚገባው። ጭምቷ ስትከፍት የድምፅ ቀጂው እናት ብቻቸውን ቆመዋል። በእግራቸው ነው የመጡት። ሰማያዊ የነበረውን ያንኑ ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል።

«ከቦርሳው ውስጥ አገኘሁት» ብለው ግማሽ ካርኒ ዘረጉ። ጠርዙ በብዙ መነካካት ለስልሷል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ከዚያ መስኮቱን አዩ። «እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ይሄ ነበር ‹ገና አለ› የሚለው?» ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ። «እኔ ስላንቺ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ገና አላገባችም፣ ገና ተስፋ አለ ማለቱ መስሎኝ ነበር። አሥር እርምጃ ነው እኮ። ወርጄ አሥር እርምጃ ብራመድ ኖሮ…»

ጭምቷ ደብዳቤውን ሰጠቻቸው። እናቱ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ፤ «የእሷን ራሷ ታምጣ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይኸው ይዤው መጣሁ» አሉ። «ዘግይቼ ነው። ይቅር በይኝ።»

ጭምቷ የሰማይ ያህል ከፍ ብለው ሲያነጋግሯት የነበሩትን ሴት ከእሷ በታች ተቀምጠው አየች። ደስ አላላትም። የተሰካው መልስ ግን አሁን ተነቀለ።

«ያን ጊዜ አፌ ስፒል ነበረበት። አሁን የለበትም። ልንገርዎት፣ ይስሙኝ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ልጅዎን ስጡኝ ብዬ ለምኜ አላውቅም። ራሱ ነው የመጣው። አንድ ደቂቃ አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ በቃ ወደድኩት። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ አሳንሼ አልወደድኩትም። እንደ እርስዎ ነው የወደድኩት፣ ምናልባትም ከእርስዎ ይበልጥ። ይቅር ልበልዎት ብል ልቤ ገና እሺ አይለኝም። ሲለኝ እነግርዎታለሁ። እስከዚያው ግን ይምጡ። በሩ አይንኳኳም፣ ገፍተው ይግቡ።»

እናቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ቀሚሱ ላይ ወረደ።

«ካርኒ ያመጣ ልብሱን ይወስዳል፣ የቤቱ ሕግ ነው» አለች ጭምቷ። «አንዲት ቁልፍ ብቻ ቀርታለች። ይጠብቁኝ።»

ካፖርቱን ከመንጠቆው አወረደችው። ከጠበቀችው በላይ ከባድ ነበር። ከመሳቢያዋ ጨርቁን ፈትታ ቁልፏን አወጣች፣ ክሩን በመጀመሪያ ሙከራ መርፌው ውስጥ አስገባች። አክስቷ ካውያውን አስቀመጠች፤ ጥልፍ ሠሪዋም እጇን ሰበሰበች። ማንም ያዘዛቸው የለም። ሰዓቱ ይሰማል፣ ቧንቧው ይንጠባጠባል፣ መርፌው ጨርቁን ሲበሳ ትንሽ ጠቅ ይላል። አንድ ደቂቃ ያህል ነው። አክስቷ አላነጠሰችም።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችውና ካፖርቱን አጣጥፋ ለእናቱ ዘረጋች። እሳቸው ግን አልተቀበሏትም። በምትኩ እጇን ያዙ፣ ግማሹን ካርኒ መዳፏ ላይ አስቀመጡና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉላት።

«ካርኒ ያለው ይወስዳል አላልሽም?» አሉ። «እንግዲህ ካርኒው ያንቺ ነው።»

ከወጡ በኋላ ጭምቷ ሁለቱን ግማሾች ጠረጴዛው ላይ ገጠመቻቸው። የተቀደዱበት ጥርስ ከጥርስ ገባ። ከዚያ ካፖርቱን አቅፋ፣ ያለቀ ልብስ ወደሚገባበት፣ ወደ ውስጥ ይዛው ሄደች። በራሷ እጅ ሰቀለችውና የቁም ሣጥኑን በር ዘጋች። «እሺ» አለች፣ ለእሱ በሚሰማ መጠን፣ ዝቅ አድርጋ።

በማግሥቱ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ እንደ ልማዱ ቆቡን አነሣ። መንጠቆው ባዶ ነው። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ያለ ከልካይ እስከ ስፌት መኪናው ደርሷል፣ ጭምቷም ብርሃኑ ውስጥ ተቀምጣ ፔዳሏን ትረግጣለች። ተክ፣ ተክ፣ ተክ… ተክ። እንደቆመ ቆቡ እጁ ላይ ቀረ።

«ሰውየው የት ሄዱ?» አላት ቀስ ብሎ።

ጭምቷ መኪናውን አቆመች።

«ገባ፣ ጋሼ» አለች። «ገባ።»